ትልቁ የውሃ ተርብ፤ መልኩ፣ ቤቱና ጠባዩ

  ይህን ትምህርት በሬዲዮ የምትሰሙ አላችሁ። ታትሞ ደርሷችሁ በጣታችሁ መስመሩን እየተከተላችሁ የምታነቡም አላችሁ። ለሁላችሁም እንዲመች ቀስ እያልን እንሄዳለን።

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። በመጀመሪያ አንድ ቃል ጻፉ፦ ተርብ። ሦስት ፊደል ነው፦ ተ፣ ር፣ ብ። አሁን ከፊቱ አንድ ቃል ጨምሩበት፦ የውሃ ተርብ። ጻፋችሁ? ጥሩ ነው። በቤታችሁ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በሌላ፣ የምትጠሩበት ስም ካለ እሱንም ከጎኑ ጻፉት። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ፍጡር ነው።

ተርብ ሲባል ብዙ ሰው የሚናደፈውን ያስባል። የሚናደፈው ተርብ ወገቡ የቀጠነ፣ በጣሪያ ሥርና በዛፍ ላይ ቤቱን የሚሠራ ነው። የውሃ ተርብ ግን ሌላ ነው። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ወገናቸው ለየቅል ነው። ፀሐይ ሞቅ ሲል ከኩሬ ወይም ከጨፌ በላይ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ፣ ገላው እንደ ስንደዶ ቀጥ ያለና ረጅም፣ አራት ክንፍ ያለው በራሪ አይታችሁ የለም? እሱ ነው የውሃ ተርብ።

«ይህን ማወቅ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የውሃ ተርብን የሚያውቅ ሰው ስለ ውሃው ያውቃል፤ ስለ ወባ ትንኝ ያውቃል፤ ስለ ጨፌውም ያውቃል። ሦስቱም የቤታችን ጉዳዮች ናቸው። እስቲ ከመልኩ እንጀምር።

መልኩ

የውሃ ተርብ ዓይነቱ ብዙ ነው። በዓለም ላይ ቀጫጭን ዘመዶቹ ጭምር ሲቆጠሩ ከ6,000 ዓይነት በላይ ይሆናሉ። በአገራችን ወደ 100 ዓይነት ተመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ 10 ያህሉ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኙም። ዛሬ የምንመለከተው ግን ከትልልቆቹ አንዱን ነው።

ይህ ትልቅ ተርብ በሳይንስ ስሙ አናክስ ኢምፔራቶር ይባላል። «አናክስ» በግሪክኛ ጌታ ማለት ነው። «ኢምፔራቶር» በላቲን ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሊች የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1815 ነበር። አያችሁ፣ አንዲት ነፍሳት ጌታም ንጉሠ ነገሥትም ተብላለች። ለምን እንደተባለች ጠባይዋን ስንማር ይገባናል።

ርዝመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት የአንድ ሰው የሌባ ጣት ያህላል ማለት ነው። ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ስንዝራችሁን ዘርጉ፤ ግማሹን ያህላል። ማስመሪያ ያላችሁ በደብተራችሁ ላይ ለክታችሁ አስምሩት፤ ትልቅነቱ በዓይናችሁ ይታያችኋል።

ገላው በሦስት ይከፈላል፦ ራስ፣ ደረትና ሆድ። ብዙ ሰው ጅራት የሚለው ያ ረጅሙ ክፍል በእውነቱ ሆዱ ነው። የወንዱ ደረት አረንጓዴ ነው። ሆዱ እንደ ጠራ ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ ከላይ በኩል ጥቁር መስመር ወርዶበታል። የሴቷ ደረትም አረንጓዴ ነው፤ ሆዷ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላና ቡናማ መስመር ያለበት ነው። ስለዚህ ውሃው ላይ ሰማያዊ ካያችሁ ወንድ ነው፣ አረንጓዴ ካያችሁ ሴት ናት ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ።

ክንፎቹ አራት ናቸው፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። እንደ መስተዋት አሳልፈው ያሳያሉ። በላያቸው እንደ መረብ የተሠሩ ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ሲያርፍ ክንፎቹን አያጥፍም፤ እንደ አውሮፕላን ዘርግቷቸው ይቀመጣል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዓይኑ ነው። ሁለቱ ዓይኖቹ ከመትለቃቸው የተነሣ በአናቱ ላይ ተገናኝተዋል። እያንዳንዱ ትልቅ ዓይን ወደ 30,000 ከሚጠጉ ጥቃቅን ዓይኖች የተሠራ ነው። ስለዚህ ከፊቱም፣ ከላዩም፣ ከጎኑም ያለውን ባንድ ጊዜ ያያል። ልጆች ከኋላው ቀስ ብለው ሊይዙት ሲሉ ብር ብሎ የሚያመልጣቸው ለዚህ ነው።

ቤቱ

ትልቁ የውሃ ተርብ የሚኖርበት አገር ሰፊ ነው። በአውሮፓ አለ፤ በምዕራብ እስያ አለ፤ በአፍሪካም ከሰሜን እስከ ደቡብ ጫፍ ድረስ አለ። አገራችንም በዚሁ ውስጥ ናት።

የሚወደው የተኛ ውሃ ነው። ኩሬ፣ ግድብ፣ ሐይቅ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ወንዝ፣ ዳርና ዳሩ ቄጤማና ፊላ የበቀለበት ረግረግ ይስማማዋል። እየተጋጨና አረፋ እየደፈቀ የሚወርድ ውሃ አይመቸውም። ፏፏቴ ሥር ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ ውሃው ረጋ ወዳለበት ሂዱ።

በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ውሃ ሞልቷል። ኢሉባቦር ዝናብ የማይለየው አገር ነው። በጎሬ አካባቢ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። ይህ ውሃ በሶር፣ በገባና በሌሎች ወንዞች ወርዶ ወደ ባሮ ይገባል። ሁሉም ግን ወዲያው አይወርድም። ከፊሉ በኮረብታዎች መካከል ባሉት ሸለቆዎች ይቆያል። ያ ውሃ የሚቆይበት፣ ቄጤማ የለበሰው ረግረግ ነው ጨፌ የምንለው። በኡካም፣ በሜቱም፣ በሌሎቹ ወረዳዎችም ጨፌ የማያውቅ ገበሬ የለም። ጣሪያ የምንከድንበት ሣር ከዚያ ነው። በበዓል ቀን ቤት ውስጥ የምንጎዘጉዘው ቄጤማም ከዚያ ነው። ምንጩም ብዙ ጊዜ ከጨፌው ዳር ነው የሚፈልቀው። የውሃ ተርብም ጎረቤታችን የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

አሁን የምነግራችሁን በደንብ አድምጡ። የውሃ ተርብ በአየር ላይ የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ቢበዛ ሁለት ወር ቢኖር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዕድሜው በሙሉ ያለፈው በውሃ ውስጥ ነው።

ሴቷ እንቁላል የምትጥለው ብቻዋን ነው። በውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ወይም አገዳ ላይ ታርፋለች። የሆዷን ጫፍ ወደ ውሃው ትነክራለች። በጫፉ ባለው እንደ ትንሽ ቢላዋ በሆነ ነገር ተክሉን ትበሳና እንቁላሏን በውስጡ ትሰካዋለች። አንዱን ትሰካለች፣ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፣ ሌላውን ትሰካለች። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የውሃ ተክል ከሌለ እንቁላል መጣያ የላትም።

እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ የሚወጣው እጭ ክንፍ የለውም። ቡናማ ወይም አረንጓዴ ነው። ሸክላ አፈር መስሎ በአገዳዎች መካከል ይደበቃል። የሚተነፍሰው በኋላው በኩል ውሃ እየሳበ ነው። ጠላት ሲመጣበት ያንን ውሃ በኃይል ወደ ኋላ ይረጨውና እሱ ወደ ፊት ይወነጨፋል። የጄት አውሮፕላን የሚሄደውም በዚሁ ዘዴ ነው፤ አየሩን ወደ ኋላ እየገፋ ወደ ፊት ይሄዳል።

አደኑም ልዩ ነው። የታችኛው ከንፈሩ እንደ ታጠፈ ክንድ ከአገጩ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው። የሚበላ ነገር ሲጠጋው ያንን ክንድ በዓይን ጥቅሻ ውስጥ ወርውሮ ይይዝና ወደ አፉ ይመልሰዋል። የትንኝ እጭ ይበላል፤ ሌሎች የውሃ ነፍሳትን ይበላል። ሲያድግ ጭራ ያላቸውን የእንቁራሪት ግልገሎችና ትንንሽ ዓሣም አይምርም።

በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ይህን በዓይናችን ለማየት ሁለት እጮች በጠርሙስ አስቀመጥን። ከጉድጓድ ውሃ የቀዳናቸውን የትንኝ እጮች ጨመርንላቸው። ማታ የነበሩት የትንኝ እጮች ጠዋት አንድም አልተረፉም። በሚቀጥለው ቀን ግን ምግብ ሳንጨምር ዋልን። በማግሥቱ ስናይ ከሁለቱ እጮች አንዱ የለም። ጓደኛው በልቶታል! የውሃ ተርብ ሲርበው ወገኑን አይለይም።

እጩ እያደገ ሲሄድ ቆዳው ይጠብበዋል። ስለዚህ አሮጌውን ይጥልና በአዲስ ቆዳ ያድጋል። ይህን ብዙ ጊዜ፣ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ያደርጋል። ብርድ በሚበረታበት በአውሮፓ አድጎ እስኪጨርስ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ውሃው ሞቅ ባለበት አገር ጊዜው ያጥራል።

ቀኑ ሲደርስ ሌሊት ከውሃው ይወጣል። አንድ አገዳ ይዞ ወደ ላይ ይወጣና አጥብቆ ይጨብጠዋል። ጀርባው ይሰነጠቃል። ከውስጡ ለስላሳና የገረጣ ተርብ ይወጣል። ክንፉ እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ነው። ቀስ በቀስ ይዘረጋል፣ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ሲነጋ ይበራል። ይህች ሌሊት ለእሱ ክፉ ሌሊት ናት። መሮጥም መብረርም ስለማይችል ወፍ ካገኘው አለቀለት። በጠዋት ወደ ውሃ ስትወርዱ በቄጤማው ላይ ተጣብቆ የቀረ ባዶ ቆዳ ብታዩ የማን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ቢራቢሮን የምታውቁ ልዩነቱን አስተውሉ። ቢራቢሮ ከእጭ በኋላ ሙሽሬ ሆና ተሸፍና ትቆያለች። የውሃ ተርብ ግን ሙሽሬ አይሆንም፤ ከእጭነት በቀጥታ ወደ በራሪነት ይሸጋገራል።

ጠባዩ

ክንፍ ካወጣ በኋላ ሥራው ሁለት ነው፤ ማደንና መራባት። የሚያድነው በአየር ላይ ነው። አራቱን ክንፎቹን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ እንደ ሄሊኮፕተር ባለበት ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ በድንገት ይታጠፋል። ሲፈጥን በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ስድስቱ እግሮቹ እሾህ አላቸው። ለመራመድ አይረዱትም። ሲበር ግን ገጥሞ እንደ ቅርጫት ያደርጋቸውና ዝንቡን ወይም ትንኙን ከአየር ላይ ይቀልበዋል። ትንሽ ከሆነ ሳያርፍ እየበረረ ይበላዋል። ቢራቢሮን የመሰለ ትልቅ ካገኘ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ ይበላዋል።

ተመራማሪዎች የውሃ ተርቦችን አደን ሲከታተሉ ከ10 ሙከራ 9ኙ እንደሚሳካላቸው አይተዋል። አንበሳ እንኳ ይህን ያህል አይሳካለትም። የውሃ ተርብ የሚያድነውን ከኋላ እያባረረ አይደክምም። ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አይቶ መንገዱ ላይ ይጠብቀዋል።

ወንዱ ደግሞ የራሱ ግዛት አለው። የኩሬውን አንድ ወገን ይይዝና ቀኑን ሙሉ እንደ ዘበኛ ይመላለስበታል። ሌላ ወንድ ከገባበት ያባርረዋል። አንዳንድ ጊዜ በአየር ላይ ይጋጫሉ፤ የክንፋቸው ድምፅም ይሰማል። እንግዲህ «ንጉሠ ነገሥት» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህ ወገን በምድር ላይ ከኖረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በፈረንሳይ አገር በድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ በድንጋይ ላይ የታተመ የጥንት ዘመዱ ቅሪት ተገኝቷል። ዕድሜው 300 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የክንፉ ስፋት ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ነበር፤ ከአንድ ክንድ ይበልጣል። ሰውም፣ ወፍም፣ አበባም ገና ሳይኖር የውሃ ተርብ ወገን ይበር ነበር።

ሌላም የሚያስገርም ዘመድ አለው። ዝናብ ሲመጣ በሜዳ ላይ በመንጋ የሚታዩ ቢጫማ ተርቦች አሉ። ከትልቁ ተርብ ያንሳሉ። እነዚህ ነፋስን ተከትለው ከህንድ አገር ተነሥተው የህንድ ውቅያኖስን ተሻግረው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚመጡ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ እጮቻቸውም ውሃው ሳይደርቅ ቶሎ ያድጋሉ።

ይናደፋል ወይ?

አይናደፍም። ቁርጡን ልንገራችሁ፦ የውሃ ተርብ መናደፊያ የለውም፤ መርዝም የለውም። የሴቷ ሆድ ጫፍ ላይ ያለው ስለት ለእንቁላል መስኪያ ነው። ትልቁን ተርብ በእጁ አጥብቆ የያዘ ሰው ምናልባት በአፉ ቆንጠጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ያም ቢሆን የሚጎዳ አይደለም። በአንዳንድ የውጭ አገሮች «የሰይጣን መርፌ» እያሉ ያስፈራሩበታል። ፍርሃቱ ካለማወቅ የመጣ ነው። ስለዚህ ፈርታችሁ አትግደሉት። ልጆቻችሁም ይዘው ጅራቱን በክር ሲያስሩት ብታዩ ምን እንደሆነ አስረድታችሁ አስለቅቋቸው።

ተርብና ወባ

የውሃ ተርብ እጭ የትንኝ እጭ ይበላል ብለናል። ታላቁም ትንኝ በአየር ላይ ይበላል። ታዲያ ተርብ ካለ ወባ የለም ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ እንዳንሳሳት።

የወባ ትንኝ የምትወደው ብዙ ጊዜ ትንሽና ፀሐይ የሚያገኘው ውሃ ነው። የከብት ኮቴ ያቆረው፣ ለቤት ልስን አፈር የተወሰደበት ጉድጓድ፣ የመንገድ ዳር ቦይ ይበቃታል። ትልቁ ተርብ ደግሞ በእነዚህ ውስጥ አይራባም፤ ቶሎ ይደርቃሉና። ደግሞም ተርብ የሚያድነው በቀን ነው፤ የወባ ትንኝ የምትነድፈው በሌሊት ነው። ስለዚህ ተርብ በኩሬውና በጨፌው ውስጥ ይረዳናል፤ የቤታችንን ደጃፍ ግን ለእሱ አንተውለትም። በቤት ዙሪያ ያቆረውን ውሃ መድፈን፣ በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ ትኩሳት ሲጀምር ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የእኛው ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጎጃም፣ ቡሬ በምትባል ቦታ (በእኛ አገር ካለችው ቡሬ ሌላ ናት) ተመራማሪዎች ወባና በቆሎን አጥንተዋል። ያገኙት ይህ ነው፦ በቆሎ ሲያብብ ከላዩ የሚረግፈው ዱቄት መሰል ብናኝ በአጠገቡ ባቆረ ውሃ ላይ ሲወድቅ የወባ ትንኝ እጭ ይመገበዋል። ብናኙን የበላው እጭ ፈጥኖ ያድጋል፤ በሕይወት የሚተርፈውም ይበዛል። ስለዚህ በቆሎ ከቤት አጠገብ የሚዘራ ሰው በማሳው ዙሪያ ውሃ እንዳያቁር ይጠንቀቅ።

ጨፌው ሲደርቅ

ይህን ትምህርት በክፍል ስሰጥ አንድ አባት እጃቸውን አነሡ። «አስተማሪ፣ ነገሩስ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን ጨፌውን ካላረስኩ በሐምሌ ልጆቼ ምን ይበላሉ? ተርብ እንደሆነ እራት አይሆንም!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄውን እንደ ቀልድ አላየሁትም።

እውነታቸውን ነው። በላይኛው ማሳ ያለው እህል የሚደርሰው ከክረምት በኋላ ነው። ጎተራው ግን ከዚያ በፊት ይጎድላል። በጨፌ ውስጥ በበጋ የተዘራ በቆሎ ቀድሞ ይደርስና ቤተሰቡን ያሻግራል። አያቶቻችንም የጨፌን ዳር ያርሱ ነበር። እንግዲህ «ጨፌ አይታረስ» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ለተራበ ሰው ግን መልስ አይሆንም። ጥያቄው «ይታረስ ወይስ አይታረስ?» ሳይሆን «እንዴት ይታረስ?» ነው።

ጨፌ እንዴት እንደሚሠራ አስቡ። ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ብታወጡት ውሃውን ይዞ ይቆያል፤ ጠብ ጠብ እያለም ይለቀዋል። ጨፌም እንደዚሁ ነው። በክረምት የወረደውን ውሃ ይጠጣል፤ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩና ለወንዙ ይሰጣል። ጥልቅ ቦይ ቆፍረን ከዳር እስከ ዳር ካጠነፈፍነው ግን ጨርቁን ጨመቅነው ማለት ነው። አፈሩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከብት ሲገባበት ደግሞ ይረገጥና ይደድራል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢመጣም ውሃው አይሰርግም፤ እላዩ ላይ ሮጦ ይሄዳል። ቄጤማው ዳግመኛ አይበቅልም። ምንጩ ይጎድላል። እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ሩቅ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ያማረ ይሆናል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን በቆሎውም፣ ሣሩም፣ ውሃውም የለም።

የውሃ ተርብ ምልክት የሚሆነን እዚህ ላይ ነው። ቄጤማው ሲጠፋ እንቁላል መጣያ ያጣል። ውሃው ሲደርቅ እጩ ይሞታል። ትልቁ ተርብ ብዙ ነገር የሚችል ነው፤ ሰው በሠራው ግድብ ውስጥ እንኳ ይኖራል። ሌሎች ዘመዶቹ ግን ጥላ ያለውና የጠራ ውሃ ብቻ ይፈልጋሉ። ጫካው ሲመነጠርና ወንዙ ሲደፈርስ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በየዓመቱ ይታዩ የነበሩ ተርቦች ከአንድ ውሃ ሲጠፉ «ውሃችን ምን ነካው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደግሞ በተቃራኒው አትሳሳቱ። ተርብ ያለበት ውሃ ሁሉ ለመጠጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በዓይን የማይታይ በሽታ አምጪ ሊኖርበት ይችላል። የምንጭ ውሃ ካልጎለበተና ካልታከመ አፍልታችሁ ጠጡ።

ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በኢሉባቦር ጨፌዎች ላይ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ነበር። አጥኚዎቹ ብዙውን ነገር ያገኙት ከገበሬው ዕውቀት ነው። በየአካባቢው «አባ ለጋ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። የጨፌ ሥራ በኅብረት እንዲሠራ፣ ቦዩ አንድ ላይ እንዲጠረግ፣ ከብት ሰብል ውስጥ እንዳይገባ የሚያስተባብሩ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ጨፌ ማዳን አይችልም፤ ከላይ ያለው ቦዩን ከቆፈረ ከታች ያለው ይደርቅበታል፤ ከታች ያለው ከደፈነ ከላይ ያለው ይጥለቀለቃል። ስለዚህ መነጋገር ያስፈልጋል። የሚከተሉትን አንድ በአንድ አንብቧቸው።

1. ከጨፌው ራስና ከመውጫው ላይ ቄጤማውን አትንኩ። በምንጩ ዙሪያም እንዲሁ ተዉት። ውሃውን የሚይዘው እሱ ነው።

2. ቦይ ስትቆፍሩ ከሚገባው በላይ አታጥልቁ። አጥልቆ መቆፈር ለዛሬ ያደርቃል፤ ለነገ ያስጠማል።

3. በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ የቦዩን አፍ ዝጉ። ውሃው ይመለስ፤ ጨፌው ይረፍ። ቄጤማው እንደገና ይነሣል።

4. በረጠበ ጨፌ ላይ ከብት አትልቀቁ።

5. ባሕር ዛፍ ከጨፌና ከምንጭ አጠገብ አትትከሉ። ውሃ በብዛት ይጠጣል።

6. የተባይ መድኃኒት የተረጨበትን ዕቃ በወንዝና በኩሬ ውስጥ አትጠቡ። መድኃኒቱ የተርብን እጭም፣ ዓሣንም፣ ከታች ውሃ የሚቀዱትንም ይጎዳል።

ለእኚያ አባት የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው። «ከጨፌው እኩሌታውን ይረሱ፤ እኩሌታውን ይተዉ። የቀረው እኩሌታ የታረሰውን ይመግበዋል» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ከወንድሜ ጋር መነጋገር አለብኝ፤ ራሱ የእሱ ነው» አሉ። እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው ከዚህ ነው።

አድማጮች፣ በሚቀጥለው ፀሐያማ ቀን ወደ ኩሬ ወይም ወደ ጨፌ ስትወርዱ ትንሽ ቆም በሉ። ወንዱ ግዛቱን ሲጠብቅ ተመልከቱ። ሴቷ እንቁላሏን ስትሰካ ተመልከቱ። ያያችሁትን በአራት ወይም በአምስት መስመር ጻፉና ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው። ያኔ ፊደል ማወቃችሁ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ይጠቅማል። በደኅና ሰንብቱ።

አዳዲስ ቃላት

እጭ፦ ከእንቁላል የተፈለፈለ፣ ገና ክንፍ ያላወጣ ነፍሳት።
ሙሽሬ፦ ቢራቢሮና መሰሎቿ ክንፍ ከማውጣታቸው በፊት ተሸፍነው የሚቆዩበት ሁኔታ።
ጨፌ፦ ቄጤማ የበቀለበት፣ ውሃ የማይለየው ቦታ።
ማጠንፈፍ፦ ውሃን በቦይ አስወጥቶ መሬቱን ማድረቅ።
ብናኝ፦ ከአበባ የሚረግፍ ዱቄት የመሰለ ነገር።

ጥያቄዎች

1. ወንዱንና ሴቷን የውሃ ተርብ በምን ትለያላችሁ?
2. የውሃ ተርብ እጭ እንዴት ያድናል?
3. ተርብ ቢኖርም አጎበር የሚያስፈልገን ለምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ ያለው ጨፌ በልጅነታችሁ እንዴት ነበር? ዛሬስ እንዴት ነው? ሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ።